የፈረስ እሽቅድምድም ባለቤቱ ማን ነው? በዚህ አያያዝስ እስከ መቼ ይዘልቃል?

ዳማ (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ቺካጎ አጠገብ የነበረው አርሊንግተን ፓርክ በ2021 የመጨረሻ ሩጫውን አካሄደ። የካሊፎርኒያው ጎልደን ጌት ፊልድስ በ2024 ተዘጋ። ማካው ላይ ኤፕሪል 1 ቀን 2024 የእሽቅድምድም ክለቡ ከመንግሥት ጋር የነበረው ውል ፈርሶ ነገሩ አበቃ። ሲንጋፖር ከ1842 ጀምሮ ፈረስ ሲጋለብባት ኖራ ኦክቶበር 5 ቀን 2024 የመጨረሻውን ውድድር አደረገች። አራት ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህ ሁሉ ሆነ።

ይህን ባነሳሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው። «ዘመኑ አልፎበታል፣ ወጣቱ ፈረስ አያውቅም።» አልቀበለውም። የአሜሪካን ታዋቂ ሩጫ ኬንታኪ ደርቢን ለማየት በየዓመቱ ወደ 150,000 ሰው ይሰበሰባል። ተመልካች አልጠፋም። የጠፋው ለጠቅላላው ነገር ኃላፊነት የሚወስድ አካል ነው።

እስቲ አስቡት። ሜዳው የአንድ ኩባንያ ነው። ፈረሱ የሌላ ሰው ነው። ውርርዱን የሚሰበስበው ሌላ ነው። ደንብ የሚያወጣውም ሌላ። አንዱ ሲያተርፍ ሌላው የሚጎዳበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁሉም ግን «ስፖርታችን» ይላሉ።

አርሊንግተንን ውሰዱ። የሜዳው ባለቤት ኬንታኪ ደርቢን የሚያዘጋጀው ቸርችል ዳውንስ ኩባንያ ነበር። ይኸው ኩባንያ እዚያው አቅራቢያ ባለ አንድ ካዚኖ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ገዛ። በ2019 የኢሊኖይ ሕግ የሩጫ ሜዳዎችም ካዚኖ እንዲከፍቱ ፈቀደ። የፈረስ ሰዎች ለዓመታት የለመኑት ነገር ነበር። ኩባንያው ግን ለአርሊንግተን ማመልከቻ ሳያስገባ ቀረ። በኋላም መሬቱን ለቺካጎ ቤርስ የአሜሪካን ፉትቦል ክለብ በ197.2 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ኩባንያው ለባለአክሲዮኖቹ የሚጠበቅበትን አድርጓል ሊባል ይችላል። አርቢው፣ አሰልጣኙ፣ ባልደራሱ ግን የት ይሂድ? እነሱን ወክሎ «አይሆንም» የሚል አንድም አካል አልነበረም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሒሳበኛው

ዳማ ወንድሜ፣ በሐሳብህ እስማማለሁ። ቁጥር ልጨምርበት።

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በ1986 ከ51,000 በላይ የቶሮብሬድ (ለሩጫ የሚረባው የፈረስ ዘር) ውርንጭላ ተመዝግቧል። ዛሬ በዓመት ከ20,000 በታች ነው። በ2003 አሜሪካ ውስጥ በሚካሄዱ ሩጫዎች ላይ ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ውርርድ ተደርጓል። በ2024 ግን ወደ 11 ቢሊዮን ወርዷል። በመሃል ያለውን የዋጋ ንረት ስታስቡት ደግሞ ከግማሽ ያላነሰው ገንዘብ ሄዷል ማለት ነው።

የት ሄደ? ከፊሉ ወደ እግር ኳስና ወደ ሌላ ስፖርት ውርርድ ነው። ግን ተወራራጁን ያባረሩት ራሳቸው አስተዳዳሪዎቹም ናቸው። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በብዙ አገሮች የፈረስ ውርርድ በጋራ ቋት ነው የሚሠራው። ሁላችንም ገንዘባችንን ቋት ውስጥ እንጥላለን። አዘጋጁ ድርሻውን ይቆርጣል። የቀረውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። አሜሪካ ውስጥ ቁራጩ በቀላሉ ውርርድ ላይ 16 ከመቶ አካባቢ ነው። ወሰብሰብ ባሉት ላይ 20 ከመቶን ያልፋል። ሌላ ስፖርት ላይ የሚወራረድ ሰው ይህን ያህል አይቆረጥበትም።

ይህ አልበቃ ብሎ በኮምፒውተር የሚወራረዱ ቡድኖች መጡ። በሰከንዶች ውስጥ ሺህ ውርርድ ያስገባሉ። የሚያስገቡትም ሩጫው ሊጀመር ሲል ነው። ብዙ ስለሚያንቀሳቅሱ ከተቆረጠባቸው ላይ ተመላሽ ይሰጣቸዋል። ተራው ሰው ተመላሽ የለውም። አንተ ኦዱ (ፈረሱ ካሸነፈ የሚከፈልህ ብዜት) 5 ሲል አይተህ ትከፍላለህ። ፈረሶቹ ከበሩ ሲወጡ 3 ሆኖ ታገኘዋለህ። ይህን ያየ ሰው ሁለተኛ አይመለስም። ዛሬ ከአሜሪካ የፈረስ ውርርድ ሲሶ ያህሉ የእነዚህ ቡድኖች ነው ይባላል። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ አንዳንድ የሜዳ ባለቤቶች ቡድኖቹ በሚወራረዱበት ድርጅት ውስጥ ድርሻ ያላቸው መሆኑ ነው። ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ሆኑ።

የኒውዮርክ ሜዳዎች በ2021 አንድ እርምጃ ወሰዱ። በአሸናፊ ውርርድ ቋት ላይ ኮምፒውተሮቹ ሩጫው ሊጀመር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እንዲያቆሙ አደረጉ። ጥሩ ጅምር ነው። ብዙዎቹ ግን ቶሎ አልተከተሉም።

ልጓም

ሁለታችሁም በአብዛኛው አሜሪካን አያችሁ። ዳማ፣ ሲንጋፖርን ከአርሊንግተን ጋር አንድ ላይ መደርደርህ ልክ አይመስለኝም።

ሲንጋፖር ውስጥ የተበታተነ አስተዳደር አልነበረም። አንድ ክለብ ነበር። ሜዳውም ውርርዱም ደንቡም በአንድ ጥላ ሥር ነበር። ክራንጂ የሚባለው ቦታ ያለው የሩጫ ሜዳው መሬት ወደ 120 ሄክታር ነው። አገሪቱ ጠባብ ናት። መንግሥት ለመኖሪያ ቤት ፈለገው። በ2010 በአንድ የውድድር ቀን በአማካይ ወደ 11,000 ሰው ይመጣ ነበር። ከኮቪድ በኋላ ወደ 2,600 ወረደ። በዚያው በ2010 ሁለት ትልልቅ ካዚኖዎች ተከፍተዋል። ይህን እንዴት ያለ ጥሩ አስተዳዳሪ ነው የሚመክተው?

ማካውም ያው ነው። ክለቡ በ2018 እስከ 2042 የሚዘልቅ ውል ተፈራርሞ ነበር። ኪሳራው በዛ። በስድስት ዓመት ገደማ ከመንግሥት ጋር ተነጋግሮ ወጣ። ዙሪያውን ካዚኖ በተሞላ ከተማ ውስጥ ፈረስ ማስሮጥ ከባድ ነው።

እኔ የማየው ችግር መሬት ነው። የሩጫ ሜዳዎች ሲሠሩ ከከተማ ውጭ ነበሩ። ከተማው አደገና ከበባቸው። ሜዳው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሠራ ሰፊ ቦታ ነው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ የነበረው ሆሊውድ ፓርክ የሩጫ ሜዳ በ2013 መጨረሻ ተዘግቶ ዛሬ ቦታው ላይ ሶፋይ ስታዲየም ቆሟል። አስተዳዳሪው ጎበዝ ቢሆንም ባይሆንም መሬቱ ከሩጫው በላይ የሚያወጣበት ቀን ይመጣል።

ዳማ

ልጓም፣ መሬቱን በተመለከተ እውነት አለህ። ግን ሆንግ ኮንግን እንዴት ታስረዳለህ? ከሆንግ ኮንግ የበለጠ መሬት የተወደደበት ቦታ የት አለ? ሃፒ ቫሊ ሜዳ ከተማው መሃል፣ በፎቅ ተከቦ ይገኛል። ማንም አልነካውም።

የከተማዋ የእሽቅድምድም ክለብ በ1884 የተቋቋመ ነው፤ ትርፍ ለባለአክሲዮን አያከፋፍልም። የውርርዱ ሕጋዊ ባለቤት እሱ ብቻ ነው። የከተማዋ ትልቁ ግብር ከፋይ ነው። የቀረውን ለበጎ አድራጎት ያውላል። ስለዚህ የከተማው ሰው ፈረስ ባይወድ እንኳ ሜዳው መኖሩ ይጠቅመዋል። ሌላው ነገር ግልጽነቱ ነው። የእያንዳንዱ ፈረስ የሕክምና ታሪክ በድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ተለጥፏል። ተወራራጁ የትኛው ፈረስ መቼ እንዳነከሰ ያውቃል። ሌላ ቦታ ይህን ብትጠይቅ «የግል ጉዳይ ነው» ትባላለህ።

ጃፓንንም ጨምርበት። የጃፓን የእሽቅድምድም ማኅበር ውርርድ በ1997 4 ትሪሊዮን የን ደርሶ ነበር። ከዚያ ለአሥራ አራት ዓመት ወረደ። በ2011 ወደ 2.3 ትሪሊዮን ደረሰ። «አለቀለት» ተባለ። ግን አንድ አካል ስለሆነ ዕቅድ ማውጣት ቻለ። የኢንተርኔት ውርርዱን ራሱ ገነባ፤ ለሌላ አላስረከበም። ዛሬ ከ3 ትሪሊዮን በላይ ተመልሷል። ከእያንዳንዱ መቶ የን ውርርድ አሥሩ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል። ስለዚህ መንግሥትም እንዲወድቅ አይፈልግም።

ሐኪሟ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ከፈረስ ጋር ብዙ ሠርቻለሁ። ስለ ገንዘቡ በደንብ አወራችሁ። ስለ ፈረሱ ግን አንድም ሰው አላነሳም። የዚህ ሥራ የወደፊት ዕጣ የሚወሰነው በፈረሱ እግር ነው ብዬ አምናለሁ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው ሳንታ አኒታ ሜዳ ላይ በ2018 መጨረሻ በተጀመረው የውድድር ወቅት 30 ያህል ፈረሶች ሞቱ። በማርች 2019 ሩጫው ለሳምንታት ቆመ። ብዙ ሰው «መድኃኒት ወግተዋቸው ነው» ብሎ ደመደመ። የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪ ቦርድ የ23 ፈረሶችን አሟሟት አጣርቶ ያወጣው ሪፖርት ግን የተከለከለ መድኃኒት አላገኘም። ያገኘው የባሰ ነገር ነው። ከ23ቱ በ21ዱ ላይ የተሰበረው ቦታ ቀድሞውኑ የታመመ ነበር። አሰልጣኞች ፈረስ እንዲያስመዘግቡ ግፊት እንደነበረባቸውም ሪፖርቱ አንስቷል።

ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ፈረስ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሮጥ አጥንቱ ላይ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ዕረፍት ካገኘ አጥንቱ ራሱን ይጠግናል፤ እንዲያውም ይጠነክራል። ዕረፍት ካላገኘ ስንጥቁ ይሰፋል። አንድ ቀን በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ ይሰበራል። ሕመሙ ቀደም ብሎ ምልክት ይሰጣል። ግን መገጣጠሚያው ላይ የሚወጋ መድኃኒት ሕመሙን ይደብቀዋል። ፈረሱ «አሞኛል» ማለት አይችልም። የነበረችውን አንዲት ምልክት እኛ አጠፋናት።

አሁን ይህን ከአስተዳደሩ ጋር አያይዙት። ሜዳው ብዙ ፈረስ ያለበት ሩጫ ይፈልጋል፤ ውርርዱ የሚደምቀው ያኔ ነው። የሚወለደው ፈረስ ግን ሒሳበኛው እንዳለው ከግማሽ በታች ሆኗል። ስለዚህ ያለው ፈረስ ቶሎ ቶሎ እንዲሮጥ ይገፋል። ሞቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደግሞ ማስተካከል ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ለዘመናት እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ደንብ ነበረው። በአንዱ የተከለከለው በሌላው ይፈቀድ ነበር። በዲሴምበር 2020 ለመላው አገር አንድ የደኅንነት ሕግ ወጣ። የሜዳ ደኅንነት ደንቡ በጁላይ 2022፣ የመድኃኒት ቁጥጥሩ በሜይ 2023 ሥራ ጀመሩ። መገጣጠሚያ የተወጋ ፈረስ ለ14 ቀን መወዳደር አይችልም። በ2009 ፈረሶች 1,000 ጊዜ ለሩጫ ሲሰለፉ 2 ይሞቱ ነበር። በ2024 በዚህ ሕግ ሥር ባሉ ሜዳዎች 0.90 ሆኗል። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ሳንታ አኒታ ራሱ ፈረሱ ቆሞ የሚነሳበት የአጥንት ስካን አስገብቷል።

የሚያሳዝነው ይህንን ሕግ በፍርድ ቤት ለማፍረስ የሚታገሉት የውጭ ሰዎች አይደሉም። የራሱ የሙያው ሰዎች ናቸው። ቴክሳስ አሻፈረኝ ብሎ ከሕጉ ውጭ ቀረ። በዚህም የተነሳ የሜዳዎቹን ሩጫ ለሌላ ግዛት ተወራራጅ ማስተላለፍ አልቻለም፤ ገቢያቸውም ክፉኛ ወደቀ።

አደይ

ሐኪሟ፣ እናመሰግናለን። ግን እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ለምን ይትረፍ?

ከልቤ ነው የምጠይቀው። ከ1,000 አንድም ቢሆን ሞት ነው። በ2023 ኬንታኪ ደርቢ በተካሄደበት ሰሞን ቸርችል ዳውንስ ሜዳ ውስጥ አሥራ ሁለት ፈረሶች ሞተው የወቅቱ ቀሪ ሩጫ ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወረ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ግራንድ ናሽናል በሚባለው ሩጫ ላይ ተቃዋሚዎች ሜዳ ገብተው ፖሊስ 118 ሰው አሰረ። እነዚያ ሰዎች እብዶች አይደሉም። ፈርዲናንድ የተባለው ፈረስ በ1986 ኬንታኪ ደርቢን አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት የዓመቱ ፈረስ ተባለ። ለእርባታ ወደ ጃፓን ተሸጠ። እዚያም ብዙ ደንበኛ ሲያጣ ለቄራ ሰጡት። ሻምፒዮኑን እንዲህ ካደረጉት፣ ሦስተኛና አራተኛ ሲወጣ የኖረው የት እንደሚደርስ መገመት አይከብድም።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲባል ነው ያደግነው። እዚህ ግን ፈረሱ ለሰው ኪስ ሲዋጋ ነው የሚሞተው። አስተዳደሩ ቢስተካከል እንኳ ይህ የሚቀየር አይመስለኝም።

ባልደራስ

ልጄ አደይ፣ ጥያቄሽ የሚያስቆጣኝ መስሎሽ ከሆነ አልተቆጣሁም። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ዕድሜዬን በሙሉ ጋጣ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተን እንገባለን። መጀመሪያ እግሩን በእጄ እዳስሳለሁ። ሙቀት ካለው፣ እብጠት ካለው፣ ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። አሰልጣኙ በኋላ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ ደግሞ ሲጠራ። ባለቤቱን በዓመት አንዴ ካየነው ጥሩ ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ግን «ይህ ፈረስ ዛሬ አይሮጥ» የማለት ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም። ብናገር የሚሰማኝ አለ ወይ? ጥሩ አሰልጣኝ ይሰማል። መጥፎው «ሥራህን ሥራ» ይላል። ከዚያ በላይ ብናገር ሥራዬን አጣለሁ። አንድ አሰልጣኝ ጋር እንዲያ ሆኗል። ስሙን አልጠራም። ፈረሷ ግን ዛሬም ትታወሰኛለች። መልኳ ዳማ ነበር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት።

ዳማ ስለ አስተዳደር ያነሳው ለእኔ ይህ ነው። ከላይ ያሉት ስለ ቢሊዮን ያወራሉ። ስለ ፈረሱ የሚያውቀው ሰው ከታች ነው፤ ድምፅ የለውም። ደመወዙ ትንሽ ነው። ወጣት አይመጣም። ዛሬ በየአገሩ ጋጣ የሚሠራ ሰው ጠፍቷል እየተባለ ነው። እኔ አይገርመኝም።

ይጥፋ ወይ ላልሽው፣ እኔ ይጥፋ አልልም። ነገ ሁሉም ሜዳ ቢዘጋ ፈረሶቹ ለምለም መስክ ላይ የሚለቀቁ እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ የሚሄዱት አንቺ ወዳልሽው ወደ ቄራ ነው።

አደይ

ጋሼ፣ ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ። ያቺን ፈረስ ሳስብ አዘንኩ።

ግን «ቢዘጋ ቄራ ይሄዳሉ» የሚለው ለእኔ መከራከሪያ አይሆንም። ዛሬም እኮ እየሄዱ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በ2019 የአገሪቱ ቴሌቪዥን ኩዊንስላንድ ባለ አንድ ቄራ ውስጥ የእሽቅድምድም ፈረሶች ሲታረዱ አሳይቶ አገር ጉድ ብሏል። አስተዳዳሪዎቹ እስከዚያ ድረስ ከሩጫ የሚወጡት ፈረሶች በአብዛኛው ጥሩ ቤት ያገኛሉ ሲሉ ነበር።

ሐኪሟ

አደይ እህቴ፣ እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ። ፈረስ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ይኖራል። የሚሮጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመቱ ነው። የቀረውን ሃያ ዓመት ማን ይቀልበዋል? አሜሪካ ውስጥ በ2012 የተቋቋመ፣ የጡረታ ማቆያዎችን የሚደግፍ ድርጅት አለ። እንግሊዝም ከ2000 ጀምሮ ተመሳሳይ አላት። ገንዘባቸው ግን በአብዛኛው መዋጮና ስጦታ ነው። ይህ በስጦታ የሚሆን ነገር አይደለም። ከእያንዳንዱ ውርርድ ላይ ገና ሲቆረጥ መነሳት አለበት። ውርንጭላ ሲመዘገብ ባለቤቱ የጡረታ ገንዘብ ማስያዝ አለበት። ይህን የማያሟላ አገር ሩጫ ባይኖረው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሒሳበኛው

ስለ ገንዘብ ምንጭ ከተነሳ አንድ አደገኛ ነገር ላንሳ፤ እዚህ ክር ላይ እስካሁን በደንብ አልተነካም። የቁማር ማሽን።

ብዙ የአሜሪካና የካናዳ ሜዳዎች ዛሬ ሽልማት የሚከፍሉት ከፈረስ ውርርድ ሳይሆን ከማሽን ገቢ ነው። ከላይ ሲታይ ጥሩ ነው፤ ሽልማቱ ያድጋል፣ ባለቤቶች ይደሰታሉ። ግን ያኔ ተመልካች መሳብ ማንን ይገደዋል? ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ገንዘቡ ይገባል።

የካናዳዋን ግዛት የኦንታሪዮን ታሪክ ተመልከቱ። በ1998 ማሽኖቹ ሜዳ ውስጥ ገቡ። ለፈረስ ሙያ በዓመት ወደ 345 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይደርስ ነበር። በማርች 2012 መንግሥት «ይበቃል» አለ። ልክ በዓመቱ ተቋረጠ። አርቢዎች ባዝራዎቻቸውን ማስጠቃት አቆሙ። እርሻቸውን የሸጡ አሉ። በሽያጭ ላይ የውርንጭላ ዋጋ ወደቀ። መንግሥት በኋላ ደንግጦ መሸጋገሪያ ገንዘብ ሰጠ፤ ግን የተበተነ ጋጣ በቀላሉ አይሰበሰብም።

ፔንሲልቬንያም በ2020 አገረ ገዥው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ከፈረሱ ፈንድ ወስጄ ለተማሪዎች ነጻ ትምህርት ላውል ብሎ ነበር። አልጸደቀለትም። ጥያቄው ግን ይመለሳል። ፈረስ ወይስ ተማሪ ተብሎ ከተመረጠ፣ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ዘብ

እንግሊዝን እኔ ልጨምር። የዳማ ሐሳብ በደንብ የሚታየው እዚያ ይመስለኛል።

59 ሜዳዎች አሉ። ገንዘባቸው ከሁለት ትልልቅ ምንጮች ይመጣል። አንዱ አቋማሪ ድርጅቶች በእንግሊዝ ሩጫ ካገኙት ትርፍ ላይ 10 ከመቶ የሚከፍሉት ቀረጥ ነው። ይህ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ሌላው ሜዳዎቹ የምስል ስርጭት ለአቋማሪዎች የሚሸጡት ነው። የምስሉ ገቢ ሩጫ በበዛ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ሜዳዎቹ የውድድር ቀን መቀነስ አይፈልጉም። በዓመት ወደ 1,450 የውድድር ቀን አለ። ፈረሱ ደግሞ እያነሰ ነው። ውጤቱ አምስትና ስድስት ፈረስ ብቻ ያለበት ሩጫ ነው። ማንም አይወራረድበትም። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ይቀነስ ሲል ሜዳዎቹ እንቢ ይላሉ። ፈረስ ባለቤቶቹ ሽልማቱ ወጪያችንን አይሸፍንም ይላሉ። ጥሩ ጥሩ ፈረስ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሸጣል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን አንድ ቀን አንድ ሆነው አይቻለሁ። መንግሥት በፈረስ ውርርድ ላይ ያለውን 15 ከመቶ ግብር ከኢንተርኔት ካዚኖ ግብር ጋር እኩል ላድርግ ሲል፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 ሩጫውን ሁሉ አቆሙ። ለዕለቱ የተያዙ አራት ውድድሮች በቀናቸው ሳይካሄዱ ቀሩ። አሰልጣኝም ጋላቢም ሜዳውም ወደ ለንደን ወጡ። በኖቬምበር በጀቱ ሲወጣ ካዚኖው ላይ ግብሩ ሲጨምር የፈረሱ 15 ከመቶ ሳይነካ ቀረ። እና ለግብር መተባበር ከቻሉ፣ የውድድር ቀን ለመቀነስ ለምን አቃታቸው?

ልጓም

ዘብ ጥሩ አነሳህ። እኔም በመሬቱ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዳማን ሊያስደስተው ይችላል።

ሲድኒ ውስጥ ሮዝሂል የሚባል ሜዳ አለ። ክለቡ በ5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመንግሥት እንዲሸጥ ሐሳብ ቀረበ። 25,000 ቤት ሊሠራበት ነበር። አመራሩ ሽያጩን ደገፈ። የስፖርቱ ታዋቂ ሰዎች ሁለት ቦታ ተከፈሉ። በሜይ 2025 አባላቱ ድምፅ ሰጡ። 56 ከመቶው «አይሸጥም» አለ። አልተሸጠም።

አርሊንግተን ላይ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። እዚያ ድምፅ ያለው አክሲዮን ብቻ ነው። ሲድኒ ላይ ሜዳው የአባላት ክለብ ስለሆነ ሰው ተጠየቀ። መሬቱ ዋናው ነገር ነው የምለውን አልተውኩም። ግን የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ልዩነት ያመጣል። ቤት ያጣው የሲድኒ ወጣትስ ምን ይላል? ለሚለው መልስ የለኝም። እሱም የሚገባ ጥያቄ ነው።

ዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ባልደራስ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት።

እኔ ከዚህ ክር የያዝኩት ይህን ነው። ሜዳው ባለቤትነቱ ከካዚኖ ኩባንያ ወጥቶ በአባላት ወይም ትርፍ በማያከፋፍል ክለብ እጅ ይሁን። ውርርዱ ላይ ያለው ቁራጭ ይውረድ፤ ኮምፒውተሮቹ ተመላሽ አይሰጣቸው። የፈረሱ የሕክምና ታሪክ እንደ ሆንግ ኮንግ ለሁሉም ይታይ። የጡረታው ገንዘብ ሐኪሟ እንዳለችው ከመጀመሪያው ይቆረጥ። የውድድር ቀን ይቀነስ፤ ሽልማቱ ይከማች። ይህንን ለማስፈጸም ደግሞ ሜዳውንም አሰልጣኙንም አቋማሪውንም ማዘዝ የሚችል አንድ አካል ያስፈልጋል። ኃላፊዎቹም ሥራ ላይ እያሉ ፈረስ ማስሮጥም መወራረድም የለባቸውም።

አደይ፣ አንቺን እንዳላሳመንኩሽ አውቃለሁ። ቢሆንም ክሩ ላይ ስለቆየሽ ደስ ብሎኛል።

ባልደራስ

ዳማ ልጄ፣ የዘረዘርከው ሁሉ ጥሩ ነው። አንድ ጎደለህ። እዚያ አካል ውስጥ ጋጣ የሠራ ሰው ይቀመጥ። ባለሀብት አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ሐኪም አለ። ባልደራስ የለም። ሌላው ደግሞ፣ ባልደራስ «ይህ ፈረስ አሞታል» ብሎ ሲያመለክት ስሙ ሳይታወቅ የሚቀበለው ሰው ይኑር። በማግስቱም ሐኪም መጥቶ ይየው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሐኪሟ

ጋሼ፣ ይህ በጣም ትክክል ነው። ጠዋት እግሩን በእጁ የዳሰሰው ሰው የሚያውቀውን ስካኑ አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ ነው የሚያሳየን። አጭበርባሪን በስውር መጠቆሚያ ስልክ በአንዳንድ አገር አለ፤ ግን በአብዛኛው ለመድኃኒት ማጭበርበር ነው የሚያገለግለው። ለታመመ ፈረስም ይሁን።

አደይ

ጋሽ ባልደራስ ያሉት ከተደረገ፣ እኔም ቢያንስ መጥቼ አያለሁ። እስከዚያ ግን አልወራረድም።

ሒሳበኛው

የስውር ጥቆማው ወጪ ከየት ይምጣ ለሚል ሰው፦ ከ11 ቢሊዮኑ ላይ ከሺህ አንድ ቢነሳ 11 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኮምፒውተሮቹ ከሚመለስላቸው ላይ ይነሳ።